በእጅ የማይዳሰስ ገበያ፤ ስለ ኢንተርኔት ንግድና ስለ ማስታወቂያ አጻጻፍ

ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ሲገናኙ ብዙ ነገር ያለ ቃል ይነገራል። ከ6 ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው ወደ ሽሮ ሜዳ ገበያ የሄደ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጋቢ ሊገዛ የመጣ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ጨርቁን በሁለት ጣቱ ያሻል፤ ወደ ብርሃን አንሥቶ ሽመናው የጠበቀ መሆኑን ያያል፤ ጥለቱን ገልብጦ ጀርባውን ይመረምራል፤ በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ክብደቱን ይመዝናል። ሻጩ ዝም ቢል እንኳ ጨርቁ ራሱ ይናገራል።

ዛሬ ግን ገበያው በመንገድ ዳር ብቻ የሚቆም አይደለም፤ በእጅ ስልክ ውስጥም ገብቷል። በስልክ ውስጥ ባለው ገበያ ገዥው ጨርቁን ማሸት አይችልም። የሚያየው አንድ ፎቶግራፍና ከፎቶግራፉ ሥር የተጻፉትን ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ስለዚህ በኢንተርኔት ገበያ ላይ የእጅን ሥራ መሥራት ያለበት ቃል ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለክፍል ጓደኞቼ፤ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆች በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤተ ዘመዴ ያየሁት ነገር ነው። አክስቴ በሽሮ ሜዳ አነስተኛ የባህል ልብስ ሱቅ አላቸው። ሁለት ሸማኔዎች ለሱቁ ይሸምናሉ። የእኔና የታናሽ ወንድሜ የደብተርና የጫማ ገንዘብ የሚወጣው ከዚሁ ሱቅ ነው። የሱቁን የቴሌግራም ቻናል ከትምህርት ሰዓት ውጭ የምጽፈው እኔ ስለሆንሁ፤ በአንድ ማስታወቂያ ምክንያት ዕቃ ሲሸጥም፤ ዕቃ ሲቀርም ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ሰው እንዳይኖር አንድ ምክንያት ልጥቀስ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የጥበብ ሥዕል በፋብሪካ የታተመበት ጨርቅ ከውጭ አገር እየመጣ በገበያችን ይሸጣል። የፋብሪካ ጨርቅ መልበስ ነውር አይደለም፤ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ለብዙ ሰው ጠቅሟል። ችግር የሚመጣው የታተመው ጨርቅ «የእጅ ሥራ» እየተባለ በሚሸጥበት ጊዜ ነው። በሱቅ ውስጥ ቢሆን ገዥው ገልብጦ ያየዋል፤ የታተመ እንደሆነ ጀርባው ይደበዝዛል፤ የተሸመነ እንደሆነ ግን የጥለቱ ክር በጀርባውም በኩል ይታያል። በፎቶግራፍ ላይ ግን ሁለቱ መንታ ወንድማማች ይመስላሉ። አንድ ሸማኔ እግሩን በጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ለቀናት የደከመበት ሥራ፤ ማሽን በደቂቃ ካተመው ጨርቅ ጋር በአንድ ዓይን ታይቶ «ይህኛው ለምን ተወደደ?» ይባላል። እንግዲህ ሁለቱን ሊለያቸው የሚችለው ከሥር የተጻፈው ቃል ነው። ቃሉ ካልለያቸው ርካሹ ያሸንፋል፤ ሸማኔውም መወርወሪያውን ይሰቅላል።

መሣሪያው በአሁኑ ጊዜ በብዙ ሰው እጅ ይገኛል። በአገራችን ካሉት ትንንሽ ነጋዴዎች ብዙዎቹ የራሳቸው ድረ ገጽ ሳይኖራቸው በቴሌግራም፤ በፌስቡክና በቲክቶክ ላይ ሱቅ ከፍተዋል። ቴሌግራም በ2013 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ፤ «ቻናል» የሚባለውን በ2015 እ.ኤ.አ. ጨመረ። ቻናል ማለት ባለቤቱ የሚጽፍበት፤ የተመዘገበ ሰው ሁሉ የሚያነበው ሰሌዳ ነው። ለመክፈት ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ ለተከታዮቹም ቁጥር ወሰን የለውም። በአገራችን ደግሞ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሥራ ስላስጀመረ፤ በስልክ ገንዘብ መላክ ለሻጩም ለገዥውም ቀለለ። ከዚያ አስቀድሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥቶ፤ በኤሌክትሮኒክ መልእክት የሚደረግ ንግድ በሕግ ዘንድ እንዲታወቅ አድርጓል። ይህ ሁሉ ከተሟላ የቀረው የማስታወቂያው አጻጻፍ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንምጣ። በየቻናሉ የምናየው ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚከተለው ነው፦

«ውብና ማራኪ የሆኑ ምርጥ ምርጥ የባህል አልባሳትን በተመጣጣኝ ዋጋ ይዘንልዎ መጥተናል! ፈጥነው ይዘዙን! ዋጋ በውስጥ መስመር!»

አንባቢ ይህን ጽሑፍ በጥንቃቄ ይመርምረው። «ውብ» የሚለው የሻጩ አስተያየት ነው። «ምርጥ» የማይል ሻጭ በገበያ ላይ የለም። «ተመጣጣኝ ዋጋ» የተባለውም ከምን ጋር እንደተመጣጠነ አይታወቅም። «የባህል አልባሳት» የሚለውን አውጥተን በቦታው «የቤት ዕቃዎች» ብንል ሌላው ቃል ሁሉ ሳይነካ እንዳለ ይቆማል። ለማንኛውም ዕቃ የሚስማማ ማስታወቂያ ለአንዱም ዕቃ አልተጻፈም ማለት ነው።

«ዋጋ በውስጥ መስመር» ስለሚለው ልማድ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ሻጮች ዋጋ የሚደብቁበት ምክንያት የላቸውም ለማለት አልችልም። አንዳንዱ ተወዳዳሪው እንዳያውቅበት ይሰጋል። አንዳንዱ ደንበኛው አንድ ጊዜ ከጠየቀኝ በወሬ አግባብቼ እሸጥለታለሁ ብሎ ያስባል። ሌላው ደግሞ የክር ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ዛሬ የጻፈው ነገ እንዳያስከስሰው ይፈራል። በገዥው በኩል ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ ጠይቆ አለመግዛት ያሳፍረዋል፤ ሌላው «ሰው አይተው ነው ዋጋ የሚጠሩት» ብሎ ይጠረጥራል፤ ሦስተኛው መልስ እስኪመጣለት ድረስ ወደ ሌላ ቻናል ያልፋል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሲወጣ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ ገዥ በሚያየው ሁኔታ እንዲያመለክት ማዘዙም አይዘነጋም። ዋጋው የሚለዋወጥ እንደሆነ «ይህ ዋጋ እስከ ወሩ መጨረሻ የጸና ነው» ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ወደ አክስቴ ሱቅ የመጡትን መልእክቶች አንድ በአንድ ሳገላብጥ፤ ደንበኞች የሚጠይቁት በአብዛኛው አራት ነገር መሆኑን ተረዳሁ። አንደኛ፤ ዋጋው ስንት ነው? ሁለተኛ፤ መጠኑ ምን ያህል ነው? ሦስተኛ፤ የእጅ ሥራ ነው ወይስ የማሽን፤ ክሩስ ምንድን ነው? አራተኛ፤ የት ናችሁ፤ በስንት ቀንስ ይደርሳል? ጥሩ ማስታወቂያ ማለት ደንበኛው ሊጠይቅ ያሰበውን ቀድሞ የመለሰ ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ከአክስቴ ጋር ተመካክረን ጽሑፉን እንደሚከተለው ለወጥነው፤ ቁጥሮቹን እዚህ ያስቀመጥኋቸው ለምሳሌ ያህል ነው፦

«ጋቢ፤ በእጅ የተሸመነ፤ አራት ድርብ፤ 4,000 ብር። ድሩ የፋብሪካ ክር፤ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር፤ ስፋቱ 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር። በሁለተኛው ፎቶ የጥለቱን ጀርባ ይመልከቱ። አዲስ አበባ ውስጥ በማግሥቱ እናደርሳለን፤ የማድረሻውን ሒሳብ ገዥው ይከፍላል። ሲደርስዎ ገልብጠው ይዩት፤ ካልወደዱት ለአምጪው ይመልሱለት።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ውብ» የሚል ቃል አይገኝም። ውበቱን ፎቶግራፉ ስለሚያሳይ ጽሑፉ የተያዘው ፎቶግራፍ ሊያሳየው በማይችለው ነገር ነው። «ድሩ የፋብሪካ ክር» የሚለውን ቃል አክስቴ በመጀመሪያ አልወደዱትም ነበር፤ «ሳይጠይቁን ጉድለታችንን ለምን እናወራለን?» አሉ። ነገር ግን ድሩ የፋብሪካ፤ ማጉ የእጅ ፈትል የሆነ ጋቢ በገበያው የተለመደ መሆኑን ልብስ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሚያውቀው ሰው እውነት መናገራችንን ሲያይ የቀረውንም ቃላችንን ያምናል፤ የማያውቀውም ይማርበታል። አክስቴ ነገሩን ለአንድ ቀን ካሰቡበት በኋላ «እንግዲያው ይጻፍ» አሉ።

ውጤቱ ምን ሆነ ቢባል፤ የሚጽፍልን ሰው ቁጥር አልበዛም፤ እንዲያውም አነሰ። ሆኖም የሚጽፈው ሰው ዋጋውንና መጠኑን አውቆ ስለሚመጣ፤ የመጀመሪያ ቃሉ «ስንት ነው?» መሆኑ ቀርቶ «አንድ ያዙልኝ» ሆነ። ቀድሞ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወራት ሥራ ያቆሙ የነበሩት ሁለተኛው ሸማኔም ባለፈው ዓመት ሳያቋርጡ ሠሩ። ይህ ትልቅ ሀብት አይደለም፤ ለአንድ ቤተሰብ ግን የቤት ኪራይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ለማንኛውም ትንሽ ነጋዴ የሚጠቅሙ አንዳንድ ደንቦችን እዘረዝራለሁ።

አንደኛው ደንብ፤ ዋናውን ነገር በመጀመሪያው መስመር መጻፍ ነው። ማስታወቂያው በደንበኛው ስልክ ላይ ብቅ ሲል ጎልተው የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ናቸው። በዚያ ቦታ «ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፤ እንደምን ሰነበታችሁ» ተብሎ ከተጻፈ ዕቃው ሳይታይ ይታለፋል። ሰላምታ መልካም ልማዳችን ስለሆነ ደንበኛው ሲጽፍልን በሚገባ እናቅርበው። በቴሌግራም ላይ ያለ ክፍያ ከፎቶግራፍ ሥር ሊጻፍ የሚቻለው እስከ 1,024 ምልክት ነው፤ ደኅና አድርጎ ለጻፈ ሰው የዚህ ግማሽ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ደንብ፤ አንባቢውን ማክበር ነው። ቋንቋችን ወንድና ሴትን ስለሚለይ «እዘዝ» ብንል ሴቲቱን እንተዋለን፤ «እዘዢ» ብንል ወንዱን እንተዋለን። «ይዘዙ» የሚለው ግን ሁለቱንም ያዳርሳል፤ ታላቅንም ታናሽንም ያከብራል። የቃለ አጋኖ ምልክት በየመስመሩ ሦስት ሦስት እያደረጉ መደርደርም በሰው ጆሮ ላይ እንደ መጮኽ ስለሆነ ቢቀር ይሻላል።

ሦስተኛው ደንብ፤ የፊደል ጉዳይ ነው። ይህ የአማርኛ መምህራችንን ደስ ሳያሰኝ ስለማይቀር ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። እኛ ሀሌታውን «ሀ»፤ ሐመሩን «ሐ» እና ብዙኃኑን «ኀ» በአንድ ድምፅ እናነባቸዋለን። ኮምፒዩተር ግን ፊደልን የሚለየው በተሰጠው ቁጥር እንጂ በድምፅ አይደለም። ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3.0 እትም ሲገባ፤ ለ«ሀ» 4608፤ ለ«ሐ» 4624፤ ለ«ኀ» 4736 ቁጥር ደረሳቸው። ስለዚህ ሻጩ «የሐበሻ ቀሚስ» ብሎ ጽፎ ገዥዋ «የሀበሻ ቀሚስ» ብላ ብትፈልግ፤ መፈለጊያው ሁለቱን አንድ አድርጎ እንዲያይ ካልተሠራ በቀር ሻጭና ገዥ ሳይገናኙ ይቀራሉ። በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሠርግ» እና በእሳቱ ሰ የተጻፈው «ሰርግ» እንደዚሁ ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው። በዋናው ጽሑፍ ላይ በትክክለኛው ፊደል መጻፍ፤ በመጨረሻው መስመር ደግሞ ሕዝቡ የሚጠቀምበትን ሌላውን አጻጻፍ አንድ ጊዜ መጨመር ነው። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ብዙዎች ስለሆኑ የዕቃውን ስም በዚያም ፊደል አንድ ጊዜ መድገም ይጠቅማል። ሃያ ጊዜ መደጋገም ግን አይገባም፤ አንባቢን ያሰለቻል፤ ጎግልም ይህን የመሰለውን ድግግሞሽ እንደ ማታለል ይቆጥረዋል።

አራተኛው ደንብ፤ ቦታንና ጊዜን በትክክል መናገር ነው። በከተማችን ቤት የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ በምልክት ነው፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ፤ ከባንኩ ጀርባ» እንላለን። ይህ ለሰፈሩ ልጅ ቢበቃም ለእንግዳ አይበቃም። በጎግል ካርታ ላይ የሱቁን ስም፤ የስልክ ቁጥርና የሥራ ሰዓት ያለ ክፍያ ማስመዝገብ ስለሚቻል፤ የካርታውን ቦታ ከምልክቱ ጋር አያይዞ መላክ ይገባል። የጊዜውም ነገር እንደዚሁ ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ተወልዶ ያደገ የአገራችን ሰው ልጅ፤ አዲስ አበባ ላሉት አያቱ ጋቢ ለማዘዝ ፈልጎ «በ3 ሰዓት እንከፍታለን» የሚለውን ቢያነብ ከቀትር በኋላ ሊመስለው ይችላል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 9 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ግን ሁሉም ያውቀዋል። «ለመስከረም 1 እናደርሳለን» ሲባልም፤ ዕለቱ እንደ ዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ስለሚውል የዚያን ዓመት ቀን ከጎኑ መጻፍ መልካም ነው።

አምስተኛው ደንብ፤ በተከታይ ቁጥር አለመታለል ነው። አንድ ሰው ወደ አክስቴ ሱቅ መጥቶ «በጥቂት ብር አሥር ሺህ ተከታይ እጨምርልዎታለሁ» ብሏቸው ነበር። እንዲህ እየተሸጡ የሚገቡት ተከታዮች በአብዛኛው ሰው የሌለባቸው ባዶ ስሞች ናቸው። በቴሌግራም ቻናል ላይ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ካለችው የዓይን ምልክት አጠገብ፤ ጽሑፉ ስንት ጊዜ እንደታየ የሚያመለክት ቁጥር አለ። ተከታዩ አሥር ሺህ፤ ያየው ሁለት መቶ ሆኖ ሲገኝ አስተዋይ ገዥ ይታዘባል። አክስቴም «የማይለብስ ሰው ምን ያደርግልኛል?» ብለው ሰውዬውን በሰላም ሸኙት።

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ሁሉም በሚዋሽበት ገበያ እውነት የተናገረ ይከስራል» ሲል ተከራክሮኛል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። የታተመውን ጨርቅ «የእጅ ሥራ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ዛሬ ከአክስቴ የበለጠ ሊሸጥ ይችላል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ እንዳይነገር ቢደነግግም፤ እያንዳንዱን የስልክ ሱቅ ተከታትሎ መቆጣጠር ቀላል ሥራ አይደለም። ነገር ግን በሁለቱ ሻጮች መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ዋሽቶ የሸጠው ሰው ነገ ቻናሉን ዘግቶ በሌላ ስም ሊከፍት ይችላል። በሽሮ ሜዳ በር ከፍቶ የተቀመጠ ባለ ሱቅ ግን ስሙንም ሰፈሩንም ሊለውጥ አይችልም። የተታለለ ገዥ ተመልሶ ይመጣበታል፤ ጎረቤት ይሰማል፤ ለሠርግ ሃያ ቀሚስ ሊያዝ ያሰበው ቤተሰብ ወደ ሌላ ይሄዳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፤ ለትንሽ ነጋዴ እውነት የሚጠቅመው እያደር ነው። ስለዚህም የሚያድር ስም ያለው ሰው ሊይዘው ይገባል።

በሽመና ሥራ የተናገርሁት ለሌላውም ሙያ ያገለግላል። እንጀራ ለሚሸጡ እናት ጥያቄዎቹ «ጤፉ ነጭ ነው ወይስ ሰርገኛ፤ ሌላ እህል ተቀላቅሎበታል ወይ፤ መቼ ተጋገረ፤ አንዱ ስንት ነው?» የሚሉ ናቸው። በርበሬ ለሚያዘጋጁት ደግሞ «ምን ምን ቅመም ገብቶበታል፤ ኪሎው ስንት ነው፤ መቼ ተፈጨ?» የሚሉ ይሆናሉ። ልብስ ሰፊ፤ ጫማ ሠሪ፤ የእንጨት ባለሙያ ሁሉ የየራሳቸው አራት ጥያቄዎች አሏቸው። ጥያቄዎቹን የሚያውቁት ባለሙያዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በየቀኑ ይጠየቃሉና። የሚያስቸግራቸው ተቀምጦ መጻፉ ነው።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፤ እዚህ ላይ የእኛ ድርሻ ይመጣል። በትምህርት ቤታችን ከምንገኘው ተማሪዎች የብዙዎቻችን ወላጆች በትንሽ ንግድ ያሳደጉን ናቸው። እኛ ደግሞ በየቀኑ ለብዙ ሰዓት ስልክ እንይዛለን፤ ማንበብና መጻፍም ተምረናል። በሚመጣው የክረምት ዕረፍት እያንዳንዳችን አንድ ቀን መድበን ከእናታችን፤ ከአባታችን ወይም ከጎረቤታችን አጠገብ እንቀመጥ። «ደንበኞችዎ ብዙ ጊዜ ምን ይጠይቁዎታል?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱን እንዳለ በወረቀት እንጻፈው፤ ቁጥሩን በሜትርና በሚዛን እናረጋግጥ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ስልኩ እናግባው። ወላጆችም ልጆቻችሁ ይህን ሊጠይቁ ሲመጡ ጊዜ እንድትሰጧቸው፤ ያልሆነውን ሆነ ብለው እንዳይጽፉም እንድትቆጣጠሯቸው በትሕትና እለምናለሁ።